ስድስት ዙር ኬሞ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር

ካርድ ክፍሉ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰው የሚሰለፈው ግን ከለሊቱ አሥራ አንድ ጀምሮ ነው። እማዬን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ይህን አላወቅኩም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ በጊዜ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ቁጥራችን 64 ሆነ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። እማዬ የጡት ካንሰር ታካሚ ናት፤ ስድስት ዙር ኬሞ (በደም ሥር የሚሰጣት የካንሰር መድኃኒት) በየ21 ቀኑ እዚያ ወስዳለች። አራት ወር ገደማ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስለተቀመጥኩ የምለው አለኝ።

ሥራዬ ኦዲት ነው። እጄ ሥራ ሲፈታ እቆጥራለሁ። በእኛ ረድፍ ዘጠኝ ታካሚ ቢቀመጥ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው። የገጠመኝ ነገር ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባን የካንሰር ሕሙማን የሚይዝ መዝገብ አለ፤ እዚያም ከሦስት ታማሚ ሁለቱ ሴት ናቸው። ከሴቶቹ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት የጡት ካንሰር የያዛቸው ናቸው፤ ቀጥሎ የማኅፀን በር ይመጣል። ወንዶቹ ጋ እንዲህ ጎልቶ የወጣ አንድ የለም፤ የአንጀት፣ የደም፣ የንፍፊት እየተባለ ይበታተናል።

ዕድሜያቸው ደግሞ! እማዬ 61 ዓመቷ ነው። ብዙ ቀን ወንበሩ ላይ አያት የምትባለው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ ናቸው። አንዷ ዳዴ የሚል ልጇን ለእህቷ አስይዛ ነው ለመድኃኒቱ የምትገባው። አገሩ የወጣት ስለሆነ በሽተኛውም ወጣት ነው አለኝ ሐኪሙ። ገባኝ። ልጁ ግን በሩን እያየ ያለቅሳል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ከአርሲ የመጡ ጋሼ አጠገባችን ተቀመጡ። ምግብ አልወርድ ካላቸው ስድስት ወር ሆኗቸዋል፤ አሁን የሚችሉት አጥሚት ብቻ ነው። ቀጥላ የተቀመጠችው ሴት ከባሌ ናት፤ ሕመሟም ያው ነው። ሲስተሯን ስጠይቃት አልገረማትም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከአርሲና ከባሌ በብዛት ይመጣል፤ ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ። ምክንያቱ ተጣርቶ አላለቀም። ከሚጠረጠሩት አንዱ ከነትኩሳቱ የሚበላው ገንፎ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው መሃል መድቦታል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ታዲያ የቀዘቀዘ ገንፎ ምኑ ይበላል?» አሉኝ። እማዬ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ነርሶቹ ከአሥር አሥር። የእማዬ ደም ሥር አልገኝ ሲል አንዷ ሲስተር ጓንት ሙቅ ውሃ ሞልታ ክንዷ ላይ ታስቀምጥላታለች። ታካሚዎቹ «ቀዩ» የሚሉት መድኃኒት አለ፤ ሽንቷ ቢቀላ እንዳትደነግጥ ቀድመው ነገሯት። እኔ ግን ስላልሰማሁ ማታ በድንጋጤ ስልክ ደውያለሁ። ያነሳችው ሲስተር አልተቆጣችኝም።

ፋርማሲው ከአሥር ሦስት። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለውን ከስድስቱ ዙር በአራቱ ሰምቻለሁ። የጤና መድህን ደብተር ይዞ ከገጠር የመጣ ሰው «ከውጭ» ሲባል ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ይከትታል። አንድ አባት መስኮቱ ሥር ቆመው ወረቀቱን ደጋግመው ሲያዩት ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ዋጋው ግን ቀድሞ ተነግሯቸዋል።

ከየዙሩ በፊት የደም ምርመራ አለ። ነጭ የደም ሴል ከወረደ ኬሞው ይራዘማል። አራተኛው ላይ አንድ ሳምንት ተራዘመብን። ለእኛ የታክሲ ጉዳይ ነው። የባሌዋ ሴት «ተራዝሟል» ስትባል ግን ወደ አገሯ ተመልሳ መምጫ የላትም፤ አዲስ አበባ ዘመድም የላትም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል፤ ስሙን ነገርኳት። ስንቱን ያስተናግዳል እንግዲህ? የጨረር ሕክምናማ ከሃያ ዓመት በላይ በአገሩ ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማ የተጨመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ሰው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ቢጎርፍ አይፈረድበትም።

በዚያ ወንበር ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ግን «ቆየሁ» የሚለውን ነው። እማዬ እብጠቱን ካገኘች ከሰባት ወር በኋላ ነው የነገረችኝ። ለምን ብላት «አያመኝማ» አለች። አለማመሙ ነው ያታለላት፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ከዚያ ጠበል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ብቻ አምስት ሳምንት ፈጀ። ይህን የምለው ሆስፒታሉን ብቻ ለመውቀስ አይደለም፤ ከሰባቱ ወር የእኛም ድርሻ አለበት። አብሬያት ነው የምኖረው።

የእህቴ ልጅ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ትምህርት ቤት ወስዳለች፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ «የጡቱንስ መቼ ነው የሚያመጡት?» አለች።

ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ጋቢ ያዙ፤ ኮሪደሩ ይበርዳል። ቁርስም ያዙ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሻይ ቤት ዳቦ የሚጨርሰው በጠዋቱ ነው። የኬሞው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር አለ፤ በስድስቱም ዙር ሲሠራ አላየሁትም። ደረጃው 34 ነው። እማዬ 18ኛው ላይ ታርፋለች።