ብቸኛው የመኪና ቁልፌ ሲጠፋ የደረሰብኝ፤ እናንተ ላይ እንዳይደርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አሮጌ መኪና ለምትነዱ፣ በተለይ በአንድ ቁልፍ ብቻ ለምትንቀሳቀሱ ነው። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ 24 ሺህ ብር ከፍዬ አዲስ ቁልፍ አስቀረጽኩ። ቁልፉ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል። አምስት ወር ያለ ሐሳብ ነዳሁበት። ለካ ሰውዬው "ቁልፍ ሠራሁልሽ" ብሎ የመኪናዬን የስርቆት መከላከያ አጥፍቶት ነው የሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳም ሹር ዕለት ሾላ ገበያ ሄድኩ። ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ ሽንኩርቱን ይዤ መኪናዬ ጋ ስደርስ ቁልፌ የለም። ቦርሳዬን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ቅቤ ሻጯ ጋ ተመለስኩ፣ ዶሮ ተራ ተመለስኩ፤ የለም። ትርፍ ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም። ያሪሷን ስገዛ ደላላው "ሁለተኛው ቁልፍ ባለቤቱ ቤት ነው፣ ሰሞኑን ይመጣል" ብሎኝ ነበር። አልመጣም። እኔም ተውኩት።

ሰዓቱ ወደ አስር ይሆናል። ነገ ፋሲካ ነው። የሚሠራ ድርጅት ከየት ይገኛል? ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ "እህቴ አታስቢ፣ የማውቀው ቁልፍ ቀራጭ አለ፣ እዚሁ ድረስ ይመጣል" አለኝና ደወለለት። ስልኩን ተቀብዬ ዋጋ ጠየቅሁ። 9 ሺህ ብር። "ሁሉንም ያጠቃልላል?" አልኩት። "አዎ፣ ቺፑንም ጨምሮ" አለኝ።

ሰውዬው በሞተር ሳይክል መጣ። በሩን ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሊብሬውም መታወቂያዬም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱንም አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ጊዜ ስላላባከነብኝ ደስ ነው ያለኝ። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። መኪናው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው ለእኔ የከፈተውን ለማንም ይከፍታል።

የበሩን ጋን (ቁልፉ የሚገባበትን የመቆለፊያ እቃ) ፈታ፣ ከሱ ላይ እያየ ቁልፍ ቀረጸ። አስገብቶ ሲያዞረው ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው እቃ) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ዋጋው የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። "ሁሉም ቁልፍ ስለጠፋ የመኪናሽ ኮምፒውተር ቆልፏል። አውጥቼ ሱቅ ወስጄ ነው ፕሮግራም የማደርገው። 24 ሺህ ይሆናል።" "9 ሺህ አላልከኝም እንዴ?" "እሱ ሌላ ቁልፍ ቢኖርሽ ነው።" ሌላ ቁልፍ እንደሌለኝ በስልክ መጀመሪያ የነገርኩት እኔው ነኝ። ግን የበሩ እቃ ተፈታቶ ወንበር ላይ ተበትኗል፣ እየመሸ ነው፣ ገበያው እየተበተነ ነው። ምን ላድርግ? 10 ሺህ ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት። ከዳሽቦርዱ ስር ኮምፒውተሩን ነቅሎ በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ገጠመው፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቀሪውን ከፈልኩ። "የጠፋውን ቁልፍ ሰው ቢያገኘውስ?" ብዬ ጠየቅሁት። "እሱ ተሰርዟል፣ በሱ አትነሳም" አለኝ፣ አፉን ሞልቶ። ደረሰኝ ስለው "በዓል ነው፣ ከበዓል በኋላ ነይ" አለኝ።

መስከረም ላይ ትርፍ ቁልፍ ለማስቀረጽ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያሉኝ "ልጄ፣ ሊብሬውን አሳዪኝ" ነው። ካዩ በኋላ ቁልፌን ተቀበሉ። የእጀታውን ፕላስቲክ በስለት ፈልቅቀው ከፈቱትና መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ቺፑ የሚቀመጥባት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ባዶ ነበረች። ምንም ሳይናገሩ ተራ የብረት ቁልፍ አንስተው በኔው ልክ ቀረጹ። ምንም ቺፕ የሌለው፣ የቤት ቁልፍ የሚመስል ብረት። መኪናዋ ጋ ሄደን አዞሩት። ወዲያው ተነሳች። ጆሮዬ ስር የደም ስሬ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ መኪናዬን መንገድ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሆስፒታል ግቢ ትቼ ስሄድ በዚህ ሁኔታ ነበር የማቆማት።

ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። ቺፕ ያለው ቁልፍ እጀታው ውስጥ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ነገር አለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉ የሚገባበት ቦታ ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው ኃይል የሚሰጣት። ቁልፉን ስታዞሩ ኮምፒውተሩ ይጠይቃታል፣ እሷ መለያ ቁጥሯን ትልካለች። ቁጥሩ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይህ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1998 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የሚሸጥ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ ይህ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ ከዚያ የገባችው የእኔ ያሪስም ይዛው ነው የመጣችው።

አንድ የሚሠራ ቁልፍ እጃችሁ ላይ ካለ ሁለተኛውን መመዝገብ ቀላል ነው። ሁሉም ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁልፍ ስለማይኖር የውስጡን መረጃ አስተካክሎ አዲስ ቺፕ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ በእርግጥም ከባድ ሥራ ነው፤ ቢወደድ አይገርምም። የእኔው ሰውዬ ግን ይህን አልሠራም። የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍቶ ከእንግዲህ ቺፕ እንዳይጠይቅ አደረገው። የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ማጣበቂያው በቢላ የተቆረጠበት ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል። "ተሰርዟል" ያለኝ የጠፋው ቁልፍም አሁንም መኪናዋን ያስነሳ ነበር። እንኳን እሱ፣ ማንኛውም የተቀረጸ ብረት ያስነሳታል።

ሰውዬው ጋ ደወልኩ። "መኪናሽ እየሠራች አይደል እንዴ? ምን ጎደለሽ?" አለኝ። ሁለተኛ ስደውል አላነሳም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እኔ ግን ደረሰኝ የለኝ፣ የሱቁን አድራሻ አላውቅ። እጄ ላይ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። እሱም ላይ ለምን እንደተከፈለ የሚል ነገር የለም። እባካችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ጠቅላላ ዋጋውንና የሚሠራውን ሥራ በጽሑፍ መልእክት እንዲልክላችሁ አድርጉ። "ሁሉም ቁልፍ ጠፍቷል፣ ቺፕ ያለው ቁልፍ፣ ኢሞቢላይዘሩ እየሠራ፣ ይህን ያህል ብር" ብሎ ይጻፍ። አልጽፍም ካለ አታሠሩት። መኪናችሁ አንድ ሌሊት ዘበኛ ያለበት ቦታ ብታድር ይሻላል። እኔ ያን ቀን ለልጁ የጥበቃ ከፍዬ በታክሲ ብሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ አትክፈሉ። እኚህ የሶማሌ ተራው ባለሙያ ኮምፒውተሩን አስተካክለው ሁለት ቁልፍ ሲያስመዘግቡልኝ አጠገባቸው አቆሙኝ። መሣሪያቸው ላይ የተመዘገቡት ቁልፎች ብዛት "2" ሲል አሳዩኝ። ከዚያ ያንኑ ተራ ብረት ሰጡኝና "አንቺው ሞክሪው" አሉኝ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ አልተነሳም። በሕይወቴ መኪና አልነሳ ብሎኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህ ሁሉ 13 ሺህ ብር ወሰደብኝ፤ ከመጀመሪያው 24 ሺህ ሌላ ተጨማሪ ማለት ነው። የጠፋው ቁልፍ ብረቱ በሩን አሁንም እንደሚከፍትም ነግረውኛል። ጋኑ ካልተቀየረ በስተቀር ይህን የሚከለክል ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ዕቃ መኪና ውስጥ ትቼ አልሄድም።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁም ይህን ያዙ። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት እነዚሁ አሮጌዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ቁልፍ እጃችሁ ሳይገባ ቀሪውን ሂሳብ አትጨርሱ። ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ታርጋ ከቁልፉ ጋር ካለች እሷንም ተቀበሉና ቤት አስቀምጡ። ቁልፉ ቢጠፋ ጋን ሳይፈታ በቁጥሩ ይቀረጻል።

በዚህ ዓመት ቁልፍ ያስቀረጻችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ይህ የሚያገለግለው ለሚዞር ቁልፍ ነው እንጂ ቁልፍ ሳይዞር አዝራር በመጫን ለሚነሱት አይደለም። የቁልፉን እጀታ በኩሽና ፎይል ሁለት ሦስት ዙር አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ ብረቱ ብቻ ይውጣ። ሌሎች ቁልፎችን ከአጠገቡ አርቁ። ከዚያ አዙሩት። ካልተነሳች ወይም ተነስታ ወዲያው ከጠፋች ቺፑ አለ፣ ኮምፒውተሩም እየጠየቀ ነው። ተነስታ ሳትጠፋ ከቀጠለች ግን ቁልፉንና ሊብሬውን ይዛችሁ ነገ ጠዋት የምታምኑት ባለሙያ ጋ ሂዱና እጀታውን ዓይናችሁ እያየ ይክፈተው።