ፍትሕ የጎደለው፣ ብርታት የተረፈው ካርታ

የታሮት ካርታውን፣ ያንን ዕድል የሚነበብበትን ባለ ሥዕል ካርታ፣ ገዝቼ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት መቁጠር ነው። ልማድ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። 500 የሠርግ ጥሪ አዝዘው 487 የደረሳቸው ሰዎች የሚጮኹት እኔ ላይ ነው። ስለዚህ የታተመ ነገር እጄ ከገባ እቆጥራለሁ።

78 ሆነ። ልክ ነው፤ አንድ ሙሉ ታሮት 78 ካርድ ነው። ሳገላብጠው ግን ያቺኑ ሴትዮና ያንኑ አንበሳ ሁለት ቦታ አገኘኋቸው። 8 ቁጥር ሁለቴ ታትሟል። 11 ቁጥር ደግሞ የለም።

8 ቁጥር ብርታት ነው። 11 ቁጥር ፍትሕ።

«እና ብርታት ሁለት፣ ፍትሕ ባዶ?» አለ ወረቀት ቆራጫችን ከማሽኑ ቀና ብሎ። «በቃ ለኛ ተብሎ የታተመ ነዋ!» ቢሮው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደሞዝ አንድ ቀን ከዘገየ የሆነ ሰው ተነስቶ «11 ቁጥር አልተገኘም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

የገዛሁት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች ጠባብ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። የቁልፍ መያዣ፣ ሻማ፣ የስልክ ሽፋን፣ መሐል ላይ ታሮት። 1,900 ብር ከፈልኩ። ሻጩ ልጅ መጀመሪያ 2,500 ብሎኝ ነበር፤ ወጣ ስል ጠራኝ። ዕድሌን ልወቅ ብዬ አይደለም የገዛሁት። ሥዕሎቹን ለዓመታት በስልክ እያየሁ ስለኖርኩ በወረቀት ላይ ላያቸው ፈልጌ ነው።

ሥዕሎቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው። ቁጭ ብላ የሣለችው ግን ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ናት። ካርታው ለረጅም ዘመን ሲጠራ የኖረው በአሳታሚው በራይደርና በዌይት ስም ነው። የእሷ ስም ተረሳ፤ የተከፈላትም ትንሽ ገንዘብ ነበር። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይሆናል፣ ይቺ ታሪክ ታበሽቀኛለች። በካርዶቹ ጥግ ላይ ፊደሎቿ የተጠላለፉባት ትንሽ ምልክት አለች፣ ፊርማዋ ናት። በኔ ካርታ ላይ ብዙዎቹን ፊርማዎች ሲታተም መቁረጫ ማሽኑ በልቷቸዋል።

ወደ ዕቃው ልግባ። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም፣ 300 ግራም ይሆናል። ላሚኔሽኑ ግሎሲ ስለሆነ መብራት ሥር ያንጸባርቃል፣ ስትበውዙትም ከእጅ ያመልጣል። ነጩ ኅዳግ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ክር ነው። ማጀንታው፣ ማለትም ሮዝ ቀዩ የኅትመት ቀለም፣ በዝቶ የሴትየዋ ነጭ ቀሚስ ወደ ሮዝ ሄዷል። ሣጥኑ በሦስተኛው ቀን ጎኑ ተቀደደ። መግለጫ መጽሐፍ የለውም። በምትኩ ኪው አር ኮድ አለ፤ ስካን ሳደርገው የትም አልወሰደኝም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን 8 ቁጥርን ፊት ለፊቴ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን አንበሳው አፍ ላይ አድርጋለች። ጡንቻ የላትም፣ ሰይፍ የላትም፣ ፊቷም አልተቆጣም። ራሷ ላይ የአበባ ጉንጉን፣ ወገቧም ላይ አበባ። ከራሷ በላይ የተኛ 8 የሚመስል ምልክት አለ፣ መጨረሻ የሌለው ማለት ነው። አንበሳው ቀና ብሎ ያያታል። ምላሱ ወጥቷል፣ ጭራውን እግሮቹ መሐል ወሽቋል። ውሻ ያሳደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የካርዱ ስም በእንግሊዝኛ ስትሬንግዝ ነው። ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቸገርኩ። ጉልበት እንዳልለው ጉልበቱ ያለው አንበሳው ጋ ነው። ኃይል ስል መብራት ይመጣብኛል፣ ማለቴ ይሄድብኛል። መጨረሻ ላይ ብርታት ላይ ቆምኩ። ምጥ የያዛትን ሴት «በርቺ» እንላታለን። ልቅሶ ቤትም ገብተን «በርቺ» እንላለን። ማንን ምቺ ማለታችን ነው? ማንንም። የሚያንቀጠቅጥሽን ነገር ያዝ አድርጊው ነው የምንላት። ካርዱን የሚያነቡ ሰዎችም አንበሳውን ከውጭ እንደመጣ ጠላት አያዩትም። የራስ ቁጣ፣ የራስ ፍርሃት፣ የራስ ምኞት ነው ይላሉ። ሴትየዋ አትገድለውም፣ አታባርረውም፣ አብራው ትቆማለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ታሮት ሲጀመር በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ያሉ መኳንንት የሚጫወቱበት ካርታ ነበር። ዕድል ማንበቢያ ሆኖ የገነነው ከ300 ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ለሚላኖ መሳፍንት ከተሠሩት የጥንት ካርታዎች በአንዱ ላይ በዚህች ሴት ቦታ የቆመው ወንድ ነው። ዱላውን ሽቅብ አንስቶ አንበሳው ላይ ሊያሳርፍ ነው። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ግን ምንም አላሳሰበኝም። ዱላ የያዘ ሰው ሲያሸንፍ ምን ይገርማል?

ሌላም ጭቅጭቅ አለ። ሴትየዋ አፉን እየከፈተች ነው ወይስ እየዘጋች? በቆዩት የፈረንሳይ ማርሴይ ካርታዎች ላይ ለሁለቱም ይመስላል። ዌይት እየዘጋች ነው ብሎ ጽፏል። እኔ ግን ያንን የወጣ ምላስ ሳይ ገና የምትዘጋው አፍ አይመስለኝም። ተናግሮ የጨረሰ አፍ ነው።

ቅዳሜ እናቴ ቤት ቡና ላይ ይዤው ሄድኩ። ስሕተት ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ጠንቋይ ቤት ጀመርሽ?»

«ሥዕል ነው እማዬ፣ እይው ብቻ።»

መነጽሯን አደረገች። ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። «ሶምሶን በሴት ወጣ እንዴ?»

ሣቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ ያለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል በአገጯ አሳየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ያለ ሥዕል ነው። ጠጉራቸው ገላቸውን የሸፈነው፣ 60 አንበሳና 60 ነብር አጅቧቸው የሚሄደው አባት።

«አቡዬ አንበሳ ሲደበድቡ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «በይ አሁን ከረከቦቱ ላይ አንሺልኝ።»

አነሣሁት። ሲኒ የሚያዩ ጎረቤቶቿን ግን ምንም ብላቸው አታውቅም። ይሄን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ሱቁ ተመለስኩ። መንገዴ ላይ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ አለ፤ በ1948 ዓ.ም ለንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት የቆመው፣ ሞሪስ ካልካ የተባለው ፈረንሳዊ ቀራፂ ሥራ። ቁልቁል ለገሃር ድረስ ብትወርዱ ደግሞ ዘውድ የደፋው አንበሳ ይጠብቃችኋል። እሱ ለራሱ ለንግሡ በ1923 ዓ.ም የተተከለ፣ ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት በኋላ የተመለሰ ነው። የዘርዓይ ደረስን ታሪክ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱም ብቻቸውን ነው የቆሙት። ስንት ዓመት አጠገባቸው ተመላልሼ፣ አፋቸውን የሚነካ ሰው አብሯቸው ቢኖር ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

ልጁ አስታወሰኝ።

«ወንድሜ፣ የሸጥክልኝ ካርታ ፍትሕ የለውም።»

«እህቴ፣ የት አለና ነው?»

ቀልድ መስሎት ነበር። ካርዶቹን ዘርግቼ ሳሳየው ደነገጠ። መደርደሪያው ላይ የቀረችውን ሌላ አንድ ካርታ ራሱ ቀደደና ቆጠርን። ያው ነው። ብርታት ሁለት፣ ፍትሕ የለም። ስለዚህ ስሕተቱ የሱቁ አይደለም፣ ሲታተም የመጣ ነው።

እንዴት እንደሆነ የደረስኩበት ይመስለኛል። በድሮው ቅደም ተከተል 8 ቁጥር ፍትሕ፣ 11 ቁጥር ብርታት ነበር። ዌይት ሁለቱን አቀያየራቸው፤ ለራሴ የሚበቃኝ ምክንያት አለኝ ብሎ አለፈው እንጂ አላብራራም። ምክንያቱ ግን ከኮከብ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ኮከብ ቆጣሪዎቻችን አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን እያሉ በተርታ የሚጠሩት አለ አይደል? አሰድ አንበሳው ነው፣ ሚዛን ደግሞ ፍትሕ በእጇ የያዘችው። አንበሳው ከሚዛን እንዲቀድም ካርዶቹ ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው። እንግዲህ አንድ እንደኔ ያለ ዲዛይነር፣ ማታ፣ ደክሞት፣ 78ቱን ምስል በገጽ ላይ እየደረደረ ነው። 8 ላይ ሲደርስ አዲሱን ዝርዝር አይቶ አንበሳውን አስቀመጠ። 11 ላይ ሲደርስ የድሮውን ዝርዝር አይቶ ያንኑ አንበሳ ደገመው። ፕሩፉን፣ ማለትም የሙከራ ኅትመቱን፣ ያየው ሰው ደግሞ ብዛቱን ብቻ ቆጥሮ 78 ነው ብሎ ፈረመ። ግምቴ ነው። ግን እኔም የዓመቱን ካላንደር ስሠራ ግንቦትን ሁለቴ አስገብቼ አውቃለሁ፣ ስለዚህ በዲዛይነሩ አልፈርድም።

ሻጩ 300 ብር መለሰልኝ። ሙሉውን ልመልስልሽ ቢለኝም ካርታውን መስጠት አልፈለግኩም።

እንግዲህ ትገዙታላችሁ ወይ? ለሥዕሉ ብቻ ከሆነ በ1,600 ብር አይከፋም። ለመጫወት ወይም ለማንበብ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ አንድ የጎደለው ካርታ ነው። ሌላ ቦታ ካገኛችሁም ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ ቁጠሩ። ስትቆጥሩ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ቁጥሮቹን እያያችሁ ይሁን። ቀሚሷ ነጭ መሆኑንም እዩ።

ትርፏን 8 ቁጥር ቆራጫችን ወሰዳት። ካርታ አልወድም ሲል የከረመው ሰውዬ ነው። በግልጽ ፕላስተር ማሽኑ ግንባር ላይ፣ ልክ ስለቱ ከሚወርድበት አፍ በላይ ለጠፋት። ከሥሯ በማርከር «እጅ!» ብሎ ጽፎባታል። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባው ልጅ ወረቀት ሊያስተካክል እጁን ሲሰድ ቀና ብሎ አያት፣ እና መለሰው።