«ሰውየው በሕይወት አሉ?» ብለው ለጠየቁኝ አባት

ሰላም የድሬ ልጆች። ይህን የምጽፈው ከሁለት ወር በላይ ለደከሙልኝ አንድ አባት ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። ያገለገለ መኪና ከሌላ ክልል ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸው ጋ ብቅ እንድትሉ ልጠቁማችሁ። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ አልጽፍም። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለቻቸው። ውልና ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፎርም ይሞላሉ። ኑሯቸው ይኸው ነው።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ድንበሩን፣ ደወሌን፣ ከተሻገረ የሚመለስበት ቀን አይታወቅም። እናቴ ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። በዚያ ሙቀት በባጃጅ ስትንገላታ ማየት ስላልቻልን፣ በእቁብ ያጠራቀምነውን ይዘን አንድ ዲኤክስ ኮሮላ ለመግዛት ወሰንን። መኪናው የተገኘው ሐረር ነው። ደላላው «ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ናት፣ ስም ማዞሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለኝና 50,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ቀሪውን በማግስቱ ልከፍል ተስማማን።

እኚያ አባት ጋ የገባሁት ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) እና ውክልናውን ኮፒ ላስደርግ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት ሳያነቡ ኮፒ አያደርጉም። መነጽራቸውን አድርገው ሊብሬውን፣ ውክልናውንና ደላላው ያዘጋጀውን ረቂቅ ውል ጎን ለጎን ዘረጉና ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ልጄ፣ ውሉ ላይ ሻጭ የተባለው ሰውዬ ሊብሬው ላይ የለም። ሊብሬው ላይ ያሉት ማን ናቸው?»

«የድሮው ባለቤት ናቸው ጋሼ። ከሦስት ዓመት በፊት ሸጠውለት ውክልና ሰጥተውታል» አልኩ።

«ሰውየው በሕይወት አሉ?»

አላውቅም ነበር። ጭራሽ አልጠየቅኩም። ደላላው ጋ ስደውል «አቦ አታካብጂ! ማኅተሙን አላየሽውም?» ብሎ ተቆጣ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው የሻጩን ቁጥር በትሕትና ጠየቁትና ራሳቸው ደወሉ። ሻጩ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «አላህ ይርሐማቸው፣ ስድስት ወራቸው ነው» አለ። እግሬ ከዳኝና የደንበኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀጥሎ ያስረዱኝን እንዳለ ላስቀምጠው፤ ብዙ ሰው መኪና የሚገዛው በውክልና ብቻ ነውና። ውክልና አንድ ሰው በሌላው ስም እንዲሠራ የሚሰጥ ሥልጣን እንጂ ባለቤትነት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ማኅተሙ ቢያበራ፣ ወረቀቱ አዲስ ቢሆን ለውጥ የለውም። የሞተ ሰው ውክልና ይዞ የሚፈርም ሰው የሚሸጥልህ ነገር የለውም። ያን ቀን ሙሉውን ብር ከፍዬ ቢሆን፣ ሞቱ በታወቀ ጊዜ መኪናው የወራሾች፣ ክርክሩ የእኔ ይሆን ነበር።

«ቀብዴስ?» አልኳቸው። ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፤ ሕጉ ያ ነው አሉኝ። ከዚያ ግን «ሻጩ ልጅ አታላይ አይመስለኝም፤ ያላወቀ ነው። መጀመሪያ ሐረር እንሂድ» አሉ። አንሂድ ቢሉ ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ለዚያ ለማያውቁት ልጅም አዘኑለት።

ቅዳሜ ጧት ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ የደንገጎን ዳገት ወጡ። ለሚኒባሱም የከፈሉት ራሳቸው ናቸው። ሻጩ ሸዋ በር ላይ ተቀበለንና በጀጎል ጠባብ መንገዶች ወደ ሟቹ ቤት ወሰደን። የሟቹ ሚስት ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ቀዱልን። ጋሼ ስለ መኪናው ለመናገር አልቸኮሉም፤ መጀመሪያ ለቅሶ ደረሱ፣ ስለ ሟቹ ጠየቁ፣ ሰሙ። በመጨረሻ ነገሩን በለሆሳስ ሲያነሱ እናትየው «ብሩን ጨርሶ ተቀብሏል፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት። የሰው ሐቅ በእሱ ላይ እንዲቀር አልፈልግም» አሉ። እስከዛሬ ይህን ሳስታውስ ሆዴ ይባባል።

ጋሼም ለእሳቸው ቤት የሚጠቅመውን ነገሯቸው። መኪናው በሟቹ ስም ተመዝግቦ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው እየነዳው ሰው ቢገጭ፣ የካሣ ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ዘንድ ነው። ስለዚህ ስም ማዞር ለገዢ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ የሸጠም ሰው ይገላገልበታል። እናትየው ይህን ሲሰሙ «ኧረ ዛሬውኑ ይዙር!» አሉ።

ዛሬውኑ ግን አልሆነም። ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ሳዑዲ ስለሆነ ውክልና እስኪልክ ብዙ ቀን ሄደ። ጋሼ በየሦስት ቀኑ እየደወሉ የቱ ወረቀት እንደጎደለ ይጠይቁ ነበር፤ አንድም ቀን «ሰለቸኝ» ሲሉ አልሰማሁም። ማስረጃው ሲሟላ ወራሾቹና ሻጩ ባሉበት ውሉ እንደገና ተጻፈ። ዋጋው ላይም አንድ ነገር አስተማሩኝ። ደላላው ቀረጥ እንዲቀንስ በሚል ውሉ ላይ ትንሽ ብር ለመጻፍ ፈልጎ ነበር። «ነገ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልሽ የተጻፈው ነው፤ የከፈልሽውን ጻፊ» አሉኝና የከፈልኩት ተጻፈ።

መኪናውን ራሱን ያዩበትን ቀን ደግሞ አልረሳውም። ኮፈኑን አስከፍተው የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በጨርቅ ጠረጉ፣ ስስ ወረቀት ለጠፉበትና በእርሳስ ቀስ እያሉ አሹት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ወጣ። ከሊብሬው ጋር ሲያመሳክሩት ልክ ነው። የሞተሩን ቁጥር ግን በባትሪ እያበሩ ሲያነቡ ሞተሩ ላይ 3 የሆነው ሊብሬው ላይ 8 ሆኖ ተጽፏል! እኔ መቶ ጊዜ ባየው አይታየኝም ነበር። «ይሄ ፋይሉ ሐረር እያለ ይታረም። ድሬ ከገባ በኋላ ከተገኘ ፋይሉ ተመልሶ ሊሄድ ነው» አሉ። ሐረር ቢሮ ያለው ፋይል ሲወጣ ቁጥሩ በትክክል 3 ነበር፤ ስህተቱ ሊብሬው ሲጻፍ የገባ ነው። እዚያው ታረመ።

የቀረው በቶሎ አለቀ። ዓመታዊ ምርመራው ተደርጎ ቦሎው ነበረው፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ፣ ቀረጡ ተከፈለ፣ ሐረር ላይ ስሙ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ፋይሉ ወደ ድሬዳዋ ተላከ፣ የሐረር ታርጋ ተመለሰ፣ እኛ ጋ መኪናው ታይቶ የድሬ ታርጋና ሊብሬ ወጣልኝ። የሦስተኛ ወገን መድኑም በስሜ ሆነ። ሻጭ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካላገባም ያላገባ ማስረጃ እንደሚጠየቅ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ቀጠሮ ተይዞ ሰው የሚመለሰው በዚህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምን ያህል አስከፈሉኝ? የውሉን ጽሕፈትና የኮፒውን፣ በጠቅላላው 450 ብር። ተጨማሪ ስሰጣቸው ብሩን መልሰው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡና «ለእናትሽ መድኃኒት ግዢበት» አሉኝ። በስማቸው እየጠራሁ የምጸልይላቸው ሰው አገኘሁ።

የጉዳይ አስፈጻሚ ችግር የለብንም፤ በየቢሮው ደጅ ሞልቷል። እንደ እሳቸው ወረቀቱን አንብቦ «ቆይ፣ አትክፈይ» የሚል ግን እኔ አላጋጠመኝም። ሱቃቸው ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ 6 ክፍት ነው፤ ከሰዓት በሙቀቱ ምክንያት ዘግየት ብለው ነው የሚከፍቱት። ሊብሬውን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ አይሠሩም፣ ወረቀት ካላዩ መልስ አይሰጡም። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከጉዞ ሲመለስ ጣፋጩን ሙሸበክ ይዘን ልናመሰግናቸው ሄድን። ሙሸበኩን ለሚጠብቁት ደንበኞች አዞሩና አዲሱን ሊብሬ ተቀብለው አንብበው ሲጨርሱ፣ ቀና ብለው «ለሐረሯ እናት ቅጂ አድርሰሽላቸዋል?» አሉኝ። አላደረስኩም ነበር። ሁለት ኮፒ አንስተው፣ አንዱን ፖስታ ውስጥ ከተው ሰጡኝ። እሁድ ዕለት እናቴን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በራሳችን መኪና ደንገጎን ወጥተን፣ ጀጎል ገብተን አደረስንላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው የባላቸው ስም እንደሌለበት ልጃቸው ካነበበላቸው በኋላ ፖስታውን ደረታቸው ላይ ያዙት።