ፍጥሞ ደሴት በሰሙነ ሕማማት፦ የአንድ የጉብኝት አገልግሎት ግምገማ

ቅዱስ ዮሐንስ አቡቀለምሲስ ራእዩን ያየባት የፍጥሞ ደሴት፣ በዛሬው የግሪክ ካርታ ፓትሞስ ተብላ የምትገኘው፣ በበጋ ለባሕር መዝናኛ የሚጎርፉ እንግዶችን ታስተናግዳለች፤ ገዳሟ ግን ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በላይ የዘለቀ የጸሎት ስፍራ ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው በወደቧ በስካላ ካሉት አነስተኛ የጉዞ ወኪሎች አንዱ የሚሸጠውን የአንድ ቀን ጉብኝት ሲሆን፣ አገልግሎቱ መኪናን፣ አስጎብኚን፣ የራእይ ዋሻውን፣ ገዳሙንና ሙዚየሙን በአንድ ክፍያ ያጠቃልላል። እኔ ከደብረ ብርሃን ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስና ወደ ሚጣቅ አማኑኤል የሚደረጉ መንፈሳዊ ጉዞዎችን ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለሆንኩ፣ አገልግሎቱን የመዘንኩት እዚህ በምንጠቀምበት ሚዛን ነው፤ ምእመኑ ስፍራው ላይ ደርሶ የሚጸልይበት ጊዜ አገኘ ወይ፣ አረጋውያን እንዴት ተያዙ፣ የተነገረው ታሪክስ በቂ ነበር ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች ይዤ ነው የሄድኩት። አብራኝ የተጓዘችው የመንዝ ተወላጅ የሆነችው እናቴ ናት፤ ወጪውን የሸፈነልን አቴንስ የሚኖረው ወንድሜ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነዋሪዎቿም 3,000 ገደማ ናቸው፤ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ በመርከብ ለመድረስ ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። መርከቡ ሌሊት ሊደርስ ስለሚችል ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በኤጅያን ባሕር ላይ ነፋስ ሲበረታ ጉዞ ስለሚሰረዝ፣ የመመለሻ አውሮፕላን የሚጠብቀው ሰው አንድ ትርፍ ቀን ቢይዝ ይሻለዋል።

የጉብኝቱ መኪና ያለ መዘግየት መጣ፤ አስጎብኚዋም በእንግሊዝኛ የምታስረዳ የደሴቲቱ ተወላጅ ነበረች። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ማተቧን አንገቷ ላይ አድርጋ ስላየቻት ከየት እንደመጣን ጠየቀች፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች መሆናችንን ከነገርኳት በኋላ እኛን ከሌሎቹ ጎብኚዎች ለይታ በጥንቃቄ ያዘችን፤ ደረጃ ባለበት ሁሉ እናቴ ቀድማ እንድትጀምር አደረገች፣ እኔም ለመተርጎም ጊዜ እንዳገኝ ንግግሯን ቆም እያደረገች ትጠብቀኝ ነበር። ለዚህ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው።

የራእይ ዋሻው ከወደቡ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ኾራ በሚወስደው መንገድ መካከል ላይ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ዮሐንስ በሮማዊው ንጉሥ በድምጥያኖስ ዘመን፣ በ95 ገደማ፣ ወደዚህች ደሴት ተግዞ ነበር፤ ያየውንም ሲናገር ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ይጽፍለት ነበር። ወደ ዋሻው በርከት ያሉ ደረጃዎችን ወርደው ሲገቡ፣ ዋሻው ከቅድስት ሐና ጸሎት ቤት ጋር ተያይዞ ያገኙታል፤ አንዱ ወገን የታነጸ ግድግዳ፣ ሌላው ወገን ያልተነካ ጥቁር አለት ነው። ከጣራው ላይ አለቱ በሦስት ተሰንጥቋል፤ ድምፁ የተሰማው በዚህ ስንጥቅ ነው ይላሉ፣ ሦስትነቱንም የሥላሴ ምሳሌ አድርገው ያከብሩታል። ከታች፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐዋርያው ራሱን ያሳረፈበት የሚባለው ጎድጓዳ ስፍራ ዙሪያው በብር ተከቦ ይታያል፤ ከእርሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ሲነሳ እጁን የሚደግፍበት ሌላ ጎድጓዳ አለ። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ይህ ክልከላ ለስፍራው ጸጥታ ብዙ ረድቶታል። እናቴ ጎንበስ ብላ ብሩን ተሳለመችና "ልጄ፣ ድንጋይ ተንተርሶ ነው እንዴ ያን ሁሉ ያየው?" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረች፤ ጥግ ላይ ቆማ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት የታየውም እዚሁ ነው። የጉብኝቱ ዕቅድ ለዋሻው የመደበው ጊዜ ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ እናቴ ጸሎቷን ሳትጨርስ ሹፌሩ ከውጭ መልእክት ላከ። ለቱሪስት ሩብ ሰዓት ሊበቃ ይችላል፤ ስለት ይዞ ለመጣ ምእመን ግን አይበቃም። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሰው ስንወስድ የመኪናውን መነሻ ሰዓት የምንቆርጠው ቅዳሴው መቼ እንደሚያልቅ ካረጋገጥን በኋላ ነው፤ የጉዞ ወኪሉም ዋሻውን ከገዳሙ እኩል ሰዓት ቢሰጠው ሌላ ምንም ሳይጨምር አገልግሎቱ በብዙ ይሻሻል ነበር። እኛ በማግስቱ በድንጋይ በተነጠፈው ጥንታዊ የእግር መንገድ ተመልሰን ሄድን፤ ጠዋት በማለዳ ዋሻው ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለነበሩ እናቴ እስክትጠግብ ተቀመጠች። ጉልበት ያለው ሰው መኪናውን ትቶ ይህንን መንገድ ቢይዝ፣ ወደቡን ከታች፣ የገዳሙን ግንብ ከላይ እያየ ይሄዳል።

የቅዱስ ዮሐንስ ነባቤ መለኮት ገዳም በኾራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲታይ ምሽግ ይመስላል፤ በእርግጥም ምሽግ ሆኖ ነው የተሠራው። አባ ክሪስቶዱሎስ የተባሉ መነኩሴ በ1088 ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከቀዳማዊ አሌክስዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን በሙሉ በርስትነት ተቀብለው ገዳሙን መሠረቱ፤ ባሕሩ የወንበዴዎች መመላለሻ ስለነበረ ግንቡ ከፍ ብሎና ወፍሮ ተሠራ፣ ከበሩም በላይ በወራሪ ላይ የፈላ ነገር የሚፈስበት ቀዳዳ ተበጀለት። አስጎብኚዋ ይህንን ስታስረዳ እያንዳንዱን ቦታ በጣቷ እያሳየች ስለነበረ፣ ታሪኩ ከግንቡ ጋር ተያይዞ በአእምሮ የሚቀር ሆነ። ውስጠኛው ቅጥር ግቢ በጠጠር የተነጠፈ ጠባብ ስፍራ ነው፤ ነጫጭ ቅስቶች ዙሪያውን ይዘውታል፣ በቤተ መቅደሱ ደጅ ግድግዳ ላይ የሐዋርያው ታሪክ ተስሏል። የእመቤታችን ጸሎት ቤት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ያሉበት ሲሆን፣ የመሥራቹ አባት ዐፅምም በስማቸው በተሠራው ጸሎት ቤት ውስጥ ያርፋል። ኾራን፣ ገዳሙንና ዋሻውን ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ሙዚየሙ ለብቻው ክፍያውን የሚያስቆጭ አይደለም። ንጉሡ ደሴቲቱን የሰጠበት ደብዳቤ እዚያው ለእይታ ቀርቧል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ ግን የማርቆስ ወንጌል ብራና ነው፤ ሐምራዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ ቅጠሎቹ በተለያዩ አገሮች ተበታትነው 33ቱ በዚህ ገዳም ይገኛሉ። ብሩ በዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ የፊደሉ ቁመት ግን ዛሬም ቀጥ ያለ ነው። የእኛን የብራና መጻሕፍት በየዕቃ ቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ባለአደራው ካህን ካልፈቀደ በስተቀር ማንም ሳያያቸው ለምናውቅ ሰዎች፣ አንድ ገዳም ንብረቱን ከእጁ ሳያወጣ፣ ጸሎቱንም ሳያስታጉል፣ ብራናውን በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ ማሳየት እንደሚችል በዓይን ማየት ብዙ ያሳስባል። ገላጭ ጽሑፎቹ አጫጭር ቢሆኑም የሚነበቡ ናቸው፤ እዚህ ላይ የአስጎብኚዋ ማብራሪያ ትንሽ ፈጠነብኝ።

የደሴቲቱን የኋላ ታሪክ ስትናገር፣ ፍጥሞና በአካባቢዋ ያሉት የዶዴካኔስ ደሴቶች ከ1912 ጀምሮ በጣልያን እጅ እንደነበሩ፣ በ1930ዎቹም ገዢዎቹ ትምህርቱን ጣልያንኛ ለማድረግ እንደተጫኑ፣ ደሴቶቹ ከግሪክ ጋር የተቀላቀሉትም በ1948 እንደሆነ ነገረችን። እናቴ "እዚህም ነበሩ እንዴ!" ብላ የአባቷን የአርበኝነት ዘመን ስታወራ፣ አስጎብኚዋ በእኔ ትርጉም በኩል እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ ሌሎቹ ጎብኚዎችም ቆመው ሰሙ። እንዲህ ያለው ጨዋነት በየትኛውም የጉብኝት ዋጋ ዝርዝር ውስጥ አይጻፍም።

የጸሎተ ሐሙስን ሥርዓት በሚመለከት ግን ወኪሉን እወቅሳለሁ። በፍጥሞ በዚያ ቀን በኾራ አደባባይ ላይ ሕፅበተ እግር ይፈጸማል፤ አበምኔቱ የጌታን፣ 12 መነኮሳት ደግሞ የሐዋርያትን ቦታ ይዘው ከፍ ባለ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ወንጌሉ ሲነበብ አበምኔቱ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ የእያንዳንዳቸውን እግር ያጥባል። ጴጥሮስን የሚወክለው መነኩሴ "የእኔን እግር አታጥብም" ሲልና ከዚያ ሲፈቅድ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ ይሰማል። በየደብራችን ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ላደግን ሰዎች፣ ይህ ሥርዓት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ወኪሉ በዚሁ ሳምንት ጉብኝት እየሸጠ ስለዚህ ሥርዓት በቢሮውም ሆነ በወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል አልጠቀሰም፤ የሰማነው ካረፍንበት ቤት ባለቤት ነው። ሰው ከሩቅ አገር በሰሙነ ሕማማት ሲመጣ፣ ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባው ይህ ነበር።

የግሪክና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለሚውል የቀሩትን ቀናት ከእነርሱ ጋር አሳለፍን። ዓርብ ማታ በአበባ ያጌጠውን የጌታን መቃብር ምሳሌ ተሸክመው በየመንገዱ ዑደት ያደርጋሉ። እናቴ ግን ቀኑን ከስግደት ሌላ አታውቀውምና በገዳሙ ግቢ ጥግ መስገድ ስትጀምር፣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ምንም ሳይጠይቁ ትንሽ ምንጣፍ አምጥተው አነጠፉላት። በቅዳሜ ጠዋት ካህኑ የሎሬል ቅጠል በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሲበትን አይታ "ይኸው ቄጤማው" አለች። እኩለ ሌሊት ላይ ብርሃኑ ከሻማ ወደ ሻማ ይተላለፋል፤ በፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትንሣኤው ወንጌል በብዙ ቋንቋዎች ይነበባል፣ ቀይ እንቁላልም ይታደላል። አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት፤ የእነርሱና የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቅዱስ ቁርባን አንድነት የላቸውምና፣ የእኛ ምእመን ቅዳሴውን ማስቀደስ፣ መሳለምና መጸለይ ይችላል፣ ለመቁረብ ግን አይቀርብም። ይህንን ጉዞ የሚያዘጋጅ ማንኛውም አስተባባሪ ከመነሳቱ በፊት ሊያስረዳ ይገባዋል፤ የመቁረብ ሐሳብ ያለው አቴንስ ያለውን የእኛን ቤተ ክርስቲያን ይጠይቅ።

ምግቡን በሚመለከት ጾመኛ አይራብም። በወደቡ ዳር ያሉት ታቬርናዎች የጾም ምግብ ለይተው ያቀርባሉ፤ የባቄላ ሾርባ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ፋቫ የሚሉት ምግብ አለ፤ ይህ የመጨረሻው ከላዩ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ክክ አልጫ ነው ማለት ይቻላል፣ እናቴም በዳቦ እያጠቀሰች ወደደችው። ነገር ግን በእነርሱ ሥርዓት ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ስለሚበሉ፣ "የጾም ነው" የተባለውን ሁሉ ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። ከጉብኝቱ ጋር የተካተተው ምሳ ግን ለብቻው ከሚያዘዘው ያነሰ ነበር፤ ሰላጣና ድንች ብቻ ነው የደረሰን።

የግሪኮስን የባሕር ዳርቻ ከመኪና ነው ያየነው፤ በሚያዝያ ለመዋኘት ውኃው ገና ቀዝቃዛ ነው። በኾራ ጠርዝ ላይ የቆሙት ሦስት የንፋስ ወፍጮዎች ታድሰው ስለሚታዩ፣ ከዚያ ላይ የምትጠልቀውን ፀሐይ ማየት ይቻላል።

አገልግሎቱን ልግዛ ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አስጎብኚዋን ግዛ፣ ሰዓቱን ግን ተከራከር የሚል ነው። ከአምስት ስድስት ሰው በላይ ሆነው የሚሄዱ ለወኪሉ አስቀድመው ቢጽፉ፣ ዋሻው ረዘም ያለ ጊዜ እንዲያገኝና ምሳው እንዲቀር አድርጎ ዋጋውን ማስተካከል እንደሚቻል ቢሮው ራሱ ነግሮኛል። አለባበስን በሚመለከት የእኛ ሰው አይቸገርም፤ ቁምጣና አጭር ቀሚስ ለብሶ ወደ ገዳሙ መግባት አይቻልም። ገዳሙ በአብዛኛው ጠዋት ክፍት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ጉብኝት ከመግዛት በፊት ቀኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

በሕማማት ከቤተሰብና ከደብር መለየት የሚከብደው ሰው ሌሎች ሁለት ጊዜያት አሉት። ሐዋርያው በግሪኮች ዘንድ የሚከበርባቸው ሜይ 8 እና ሴፕቴምበር 26 ናቸው፤ የመጀመሪያው በሚያዝያ 30፣ በልደታ ዋዜማ ይውላል፣ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ከደመራ ጋር ስለሚገጥም፣ ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ሰው የሚያዝያውን እመርጥለታለሁ። ለዚያ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ቢያንስ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት መግባት አለበት።