የሱሉልታው አፕል ችግኝ፦ የላይኛው ስም አለው፣ የታችኛውስ?

ከእንጦጦ ማዶ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ መንገድ ዳር ያለው ችግኝ ጣቢያ ሦስት ዓይነት የተዳቀለ (በሌላ አፕል ግንድ ላይ የተቀጠለ) አፕል ይሸጣል፦ አና፣ ዶርሴት ጎልደን እና ጎልደን ዴሊሸስ።

የማዳቀል ሥራቸው አይታማም። የታችኛው ግንድና የተቀጠለው ቅርንጫፍ እኩል የእርሳስ ውፍረት አላቸው፤ መጋጠሚያው ከአፈር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ቅርፊቱም ዙሪያውን ተያይዟል። ቅር የሚያሰኘው ማሰሪያ ፕላስቲኩን ሳይፈቱ መሸጣቸው ነው። ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል፣ ኋላም ነፋስ እዚያው ላይ ይሰብረዋል። ቅጥያው ጠንክሮ ቅጠል ካወጣ ማሰሪያውን ከጀርባው በኩል በምላጭ ሰንጥቃችሁ አላቁት።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የላይኛው ዝርያ ብቻ ነው። የታችኛው ምንድን ነው ስትሉ መልሱ «ጠንካራ ነው» ነው። ለሱሉልታ ሜዳ ይህ አይበቃም። ኤም ኤም 106 የሚባለው የታችኛው ግንድ ዓይነት ከሆነ ጥጥ መሳዩን ክሽክሽ (ጭማቂ መጣጭ ተባይ) ይቋቋማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ በሚተኛበት ኮትቻ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ ግን አንገቱ ይበሰብሳል፦ አፈሩ አጠገብ ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ያለጊዜው ይቀላል፣ ዛፉ ይደርቃል። ኤም ኤም 111 ይሻላል፣ ግን ዛፉ ይገዝፋል። የትኛውም ቢሆን 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ። መጋጠሚያውን አትቅበሩ፤ ከተቀበረ ላይኛው የራሱን ሥር ያወጣል፣ የዛፉን ቁመት የሚገታው የታችኛው ግንድም ከንቱ ይሆናል።

ስለ ዝርያ ሲጠየቁ «ሁሉም እዚህ ይሆናል» ይላሉ። አናና ዶርሴት እንቡጣቸው እንዲፈነዳ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ 300 ሰዓት ያህል ይበቃቸዋል፤ ጎልደን ዴሊሸስ የዚህን እጥፍ ይፈልጋል። የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ እንቡጡ እኩል አይፈነዳም፣ ከፊሉ ቅርንጫፍ ራቁቱን ይቀራል። ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ማርገፍ ያግዛል፤ ለሁለት ዛፍ ቀላል ነው፣ ለሃምሳ ግን ወገብ ይቆርጣል። አና ደግሞ ብቻውን ደህና ፍሬ ስለማይዝ በአንድ ሰሞን የሚያብበው ዶርሴት አጠገቡ ይኑር። ጥንዱን ግዙ፣ ጎልደን ዴሊሸሱን ተዉት።

ከመክፈላችሁ በፊት የአንዱን ችግኝ የአፈር ፕላስቲክ ከረጢት አስከፍታችሁ ሥሩን እዩ። ታች ላይ እንደ ቅርጫት ከተጠማዘዘ ሌላ ምረጡ፤ ከኋላ የተደረደሩት የከረሙ ናቸው።