ከደብረ ማርቆስ እስከ ዱባይ፦ አይፒሴክ ወይስ ዋየርጋርድ?

ደብረ ማርቆስ ያለ የቅባት እህል ላኪ ቢሮውን ዱባይ ካለው ወኪሉ ጋር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ሊያገናኝ አሰበ እንበል። ከሁለቱ የቪፒኤን ዓይነቶች አይፒሴክ አንጋፋው ነው፤ የቢሮ ራውተሮች በብዛት ያውቁታል። ጣጣው ቅንብሩ ላይ ነው። ሁለቱ ወገኖች በምስጠራው ዓይነት ካልተስማሙ መስመሩ አይነሳም። የጋራ የይለፍ ቃሉ ደካማ ከሆነ ደግሞ በግምት ሊገኝ ይችላል።

ዋየርጋርድ በ2020 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ስሪት 5.6 ውስጥ ገባ። ኮዱ 4,000 መስመር ገደማ ስለሆነ መመርመሩ ይቀላል። የምስጠራ ምርጫም የለውም፤ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ጠንካራ። መብራት ጠፍቶ ወደ ሞባይል ዳታ ብትዞር (እኛ ጋ መቼስ ብርቅ አይደለም) የኢንተርኔት አድራሻህ ቢቀየርም ግንኙነቱ ይቀጥላል። የምስጠራ ቁልፎቹን የምታስተዳድረው ግን አንተው ነህ፤ ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፉን ወዲያው ሰርዝ።

እኔ ዋየርጋርድን እመርጣለሁ። የወኪሉ ራውተር አይፒሴክ ብቻ ካወቀ፣ በይለፍ ቃል ሳይሆን በሰርተፍኬት (ማንነትን በሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) ይሁን።