«ማስመሪያ አለሽ?» ላሉኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። ሥራ እየቀደመኝ ሲንከባለል ቆየ። ዛሬ የመጨረሻዎቹን ሳጥኖች አስረክቤ ጠረጴዛዬ ባዶ ስለሆነ፣ ሳልጽፍ አልተኛም ብዬ ተቀምጫለሁ።

እንጀራዬ የወረቀት ሳጥን ነው። በኮምፒውተር እስላለሁ፤ ትንሿ የመቁረጫ ማሽኔ ትቆርጣለች፤ እኔ አጥፌ አጣብቃለሁ። በቅርቡ በእጇ ሳሙና የምትሠራ ሴት 120 ሳጥን አዘዘችኝ። የሳጥኑ ርዝመት 10 ሴንቲሜትር መሆን ነበረበት። ስዕሉን ሠራሁ፣ ደጋግሜ አየሁት፣ ወደ መቁረጫው ሶፍትዌር አዛወርኩት፣ አስቆረጥኩ። ቅርጹ አንድም እንከን አልነበረበትም። ዓይኔን ያታለለኝም እሱ ነው። አርባ ወረቀት ካለቀ በኋላ አንዱን አጥፌ ሳሙናውን ላስገባ ስል አልገባም አለኝ። በግድ ስገፋው ሳጥኑ ተቀደደ። ሁሉም ነገር በቦታው ሆኖ ሁሉም ነገር አንሷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል። ስማቸውን አልጠራም፣ ቦታቸውንም አልናገርም፤ ለጸብ አይደለም የምጽፈው። ግን ሳልናገረው አላልፍም።

የመጀመሪያው ሰው ማሽኗን ሳያበራት ገና «ምላጩ ሞቷል» አለኝ። ምላጭ ቀየረ፣ አጸዳ፣ ገንዘቤን ተቀበለ። ቤት ወስጄ ስቆርጥባት ያው ትንሽ ሳጥን ወጣ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ የደነዘዘ ምላጭ ወረቀት ይቦጭቃል እንጂ ሳጥን ያሳንሳል እንዴ? ሁለተኛው ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና እንድጭነው አዘዘኝ። ጫንኩት። ለየወረቀቱ ዓይነት በብዙ ሙከራ ያገኘሁት የግፊትና የፍጥነት ልክ ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ ሳጥኑ ግን እንዳነሰ ቀረ።

ሦስተኛው ቢያንስ አንድ ነገር ያውቅ ነበር። «ሁሉንም ወደ 133.33 በመቶ አሳድጊው» አለኝና ሄደ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ዝም ብለሽ አድርጊው» ነው መልሱ። አደረግሁት። የሳጥኑ ታች ልክ 10 ሴንቲሜትር ሆኖ ወጣ፤ በደስታ ዘለልኩ። ቀጥዬ ክዳኑን በዚያው ቁጥር አሳድጌ ብቆርጥ 12.5 ሆነ! ሳሙናው ከታች በልኩ ተኝቶ ክዳኑ እንደ ሰፊ ባርኔጣ ይወዛወዝበታል። ተመልሼ ብነግረው ቁጥሩ ልክ እንደሆነና ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገረኝ።

አራተኛው የፋይሉን ዓይነት ወደ ዲኤክስኤፍ ቀይሪው አለኝ። ቀይሬ ስከፍተው ሶፍትዌሩ የሳሙናዬን ሳጥን ርዝመት 2 ሜትር ከ54 ብሎ ጻፈልኝ። ለሳሙና! ሰውየው ሳቀ። እሱ ሲስቅ እኔ የማስረከቢያ ቀኔን እየቆጠርኩ ነበር።

እኒህን ጋሼ ያገኘኋቸው እንደ እኔው ወረቀት በምትቆርጥ ጓደኛዬ በኩል ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የማሽን ዕቃዎችን በእርሳስ እየነደፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ቤታቸው ሆነው፣ ፋይል የተበላሸበትን ሰው ሁሉ በስልክ ይረዳሉ። ደውዬ ያለ ትንፋሽ አወራሁላቸው፤ ስለ ምላጩ፣ ስለ ጫንኩት ሶፍትዌር፣ ስለ ሳቀብኝ ሰው። ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ማስመሪያ አለሽ?»

እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ቆረጥኩ። አምስተኛው ቀልደኛ መጣ አልኩ በሆዴ። አለኝ ስላቸው «እንግዲያው በመጀመሪያ የቆረጥሽውን፣ ምንም ሳታሳድጊው የወጣውን ለኪና ንገሪኝ። ስክሪኑ የሚለውን አይደለም፤ ማስመሪያው የሚለውን» አሉኝ። ለካሁ፤ 7.5። «ክዳኑንስ? እሱንም ሳታሳድጊው?» ለካሁ፤ ከ9.4 ትንሽ ጎደል ያለ። ጥቂት ዝም አሉና «ታችኛው በአዲስ ሶፍትዌር የተሳለ ነው፤ ክዳኑ ግን የቆየ ፋይል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት በሌላ ሶፍትዌር የሳልሽው። አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እኔ አልነገርኳቸውም! ለማንም አልተናገርኩም፤ ራሴም ረስቼው ነበር። ክዳኑን ለሌላ ሥራ ከሳልኩት የድሮ ፋይል ነበር የወሰድኩት። ፋይሉን ሳያዩ፣ ማሽኗን ሳይነኩ፣ በሁለት ቁጥር ብቻ አወቁት። የእጅ አንጓ ዳብሶ በሽታ የሚነግር ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ።

የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ፋይሉ ውስጥ የሳጥኔ ርዝመት 10 ሴንቲሜትር ተብሎ አልተጻፈም፤ 283 ተብሎ ነው የተጻፈው። 283 ምን? አይናገርም። እኔ የምስልበት ሶፍትዌር አንዱን ኢንች 72 ቦታ ከፍሎ ይቆጥራል፤ እንደ ኢለስትሬተር ያሉት እንዲህ ናቸው አሉኝ። የመቁረጫው ሶፍትዌር ግን አንድ ኢንች ማለት 96 ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ያንኑ 283 ሲያነብ 7.5 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። አቅጣጫው ቢገለበጥ፣ በ96 የተሳለው በ72 ቢነበብ ደግሞ 10 የነበረው 13.3 ይሆናል። ክዳኑን የሳልኩበት ኢንክስኬፕ የተባለው ሶፍትዌር እስከ 0.91 እትሙ ድረስ በ90 ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 0.92 እትሙ ጀምሮ ነው ድረ ገጾች ወደሚጠቀሙበት 96 የተዛወረው። ለዚህ ነው ክዳኑ በትንሹ ብቻ ያነሰው፤ ለዚህ ነው ለታችኛው የሠራው ቁጥር ክዳኑን ያበላሸው። ለክዳኑ የሚያስፈልገው 106.67 በመቶ ነበር። የ2 ሜትር ከ54 ጉድም ተአምር አይደለም፤ 100 ሚሊ ሜትሩን ሶፍትዌሩ 100 ኢንች ብሎ አንብቦት ነው።

ይህን ሲነግሩኝ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አንገቱ ላይ የምትንጠለጠል የጨርቅ ሜትር ነበረችው፤ ከብዙ ዘመን አገልግሎት ብዛት ተለጥጣ ነበር። እሱ በእሷ ለክቶ በእሷ ስለሚቆርጥ ልብሱ ሁሌም በልክ ነበር። አንድ ጊዜ ረዳቱ ደንበኛ በአዲስ ሜትር ለክቶ ቁጥሩን ጻፈለት፤ አባቴ በአሮጌዋ ቆረጠ። ሱሪው ሰፋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለቱ ሲነታረኩ እኔ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፍ እለቅም ነበር። ማናቸውም አልተሳሳቱም ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሳቁ፤ የእሳቸው ሳቅ ግን አላቆሰለኝም።

ከዚያ ፋይሉን ላክሁላቸው። ስልኩን ሳይዘጉ እንደ ተራ ጽሁፍ ከፈቱት፤ ከላይ ስፋትና ቁመት የተጻፈበት ቦታ ላይ ልኩን በሚሊ ሜትር አስገቡ። ከዚያ በታች ያለች አንዲት የቁጥር ረድፍ እንዳትነካ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ለምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስረዱኝ፤ ሁለት ጊዜም አልገባኝም። መልሰው ላኩልኝ፤ ከፈትኩት፤ 10 ሴንቲሜትር። ምንም ሳላሳድግ፣ ምንም ሳልነካ። ስልኩ በጆሮዬ እንዳለ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እዚህ ላይ ቢያበቃም ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን «አሁን ደግሞ ያለ እኔ የምትሠሪበትን ላሳይሽ» አሉ። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ ማንኛውንም ስዕል ስጨርስ ጎኑ ላይ እያንዳንዱ ጎኗ 5 ሴንቲሜትር የሆነች አራት ማዕዘን እስላለሁ። ስዕሉንና አራት ማዕዘኗን አንድ ላይ አስሬ ወደ መቁረጫው አሻግራለሁ። እዚያ ስከፍተው የማየው እሷን ብቻ ነው። 5 ከሆነች ሁሉም ደህና ነው። ካልሆነች፣ ስፋትና ቁመቱ አብረው እንዲሄዱ ቆልፌ፣ እሷ 5 እስክትሆን ድረስ ሁሉንም አንድ ላይ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ እሷን አጥፍቼ እቆርጣለሁ። ከየት የመጣ ፋይል ይሁን፣ በስንት የሚቆጥር ሶፍትዌር ይሁን፣ ግድ የለኝም። የመስመሩንም ውፍረት አሳነሱልኝ፤ የእኔ ሶፍትዌር የመስመሩን ውፍረት ከልኩ ጋር ይደምረዋል፤ ማሽኗ ግን የምትሄደው በመስመሩ መሐል ነው። ወፍራም መስመር ባሰመርኩ ቁጥር አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠፋብኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

በመጨረሻ፣ ልዘጋ ስል፣ «የተበላሹትን አርባዎቹን ጣልሻቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ልጥላቸው ከረጢት ውስጥ ከትቻቸዋለሁ አልኳቸው። «አትጣያቸው። ሁሉም ጎን እኩል ነው ያነሰው፤ እጥፋቱም መጣበቂያውም ቦታው ላይ ነው። ሴትየዋን ትንሽ ሳሙና ትሠራ እንደሆነ ጠይቂያት» አሉኝ። ደወልኩላት። ለናሙና የምትሰጣቸው ትናንሽ ሳሙናዎች ነበሯት፤ ያለ ሳጥን ነበር የምትሰጣቸው። አርባውንም ወሰደችልኝ። ያን ያህል ሰው አይቶ የዘለለውን ክምር ከሩቅ ሆነው በስልክ ያዩልኝ እሳቸው ናቸው።

የጠየቁኝ ክፍያ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያወራነው ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ጨምሬ ብልክ መለሱልኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ወረቀትም ቁረጡ፣ ስቲከርም፣ ቆዳም፣ የሳላችሁት በሌላ ልክ እየወጣ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ማሽናችሁን ለማንም አትስጡ፤ ምላጭም አትግዙ። መጀመሪያ እኒህን ሰው አነጋግሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እኒህን ሰው አነጋግሩ። ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አስፈቅጃቸው አገናኛለሁ። ጠዋት አትደውሉላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመቻቸው። የስክሪን ፎቶ አይወዱም፤ ፋይሉን ራሱን ላኩ። ከመደወላችሁ በፊት ደግሞ የተቆረጠውን ለክታችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንደሆነ አሁን ታውቁታላችሁ።